የነገሩትን የሚመልስ ልጅ

ሚኒባሱ ከዳባት ሲነሣ አድማሴ ልጁን አምሐን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ጎኑ ከተቀመጠችው ጎረቤቱ ከእናኑ ጋር ስለ ገብስ ያወራ ነበር። አድማሴ ሲያወራ መሰማቱ ራሱ ወሬ ነው። ሲያርስ ውሎ በሬዎቹን እንኳ የሚያዘው በጅራፉ እንጂ በአፉ አይደለም ይሉታል።

«ዘንድሮ ገብሱ ሸጋ ነው፣ እታለም። በረዶው አልነካን። ያንችም ነጭ ሽንኩርት ተባርኳል፤ ይኸው ሽታው ማኪናውን ሞላው። ጋቢና ድረስ ይደርስ ይሆን? ይደርሳል እንጅ… ጋቢና የተቀመጠ ሰው ምን ያመልጠዋል?»

ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሰው ተቀምጠዋል። የሰፈሩ መሪጌታ ናቸው፤ የአምሐም የክርስትና አባት። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጁን ጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የቆሎ ተማሪ ለሚያስተምሩ ወዳጃቸው እንደሚሰጡት ለእናቱ ለይመኙሽ ነግረዋታል። ይመኙሽ እልል አለች። በአገሩ የክርስትና አባት በሰው ፊት የተናገሩትን አልቀበልም ማለት ነውር ነው። አድማሴ ያን ጊዜም ዝም አለ። መሪጌታው ዛሬ የተሳፈሩት ልጁን ለወዳጃቸው ሊያስረክቡ ነው፤ አድማሴ ግን ልጁን ይዞ የተሳፈረው ቁስቋም ሊያደርሰው አልነበረም። ሆስፒታል ሊያስመረምረው ነው። ይህን ፊት ለፊት ለጥምጣሙ መንገር አቃተው። ስለዚህ ለእናኑ ነገራት፤ ድምፁን ግን ለጋቢናው እንዲበቃ አድርጎ።

«ልጄን ታውቂው የለም? አምስት ዓመት ሞልቶታል። ‹አምሐ› ስትይው ‹አምሐ› ይልሻል። ‹ውሃ ትጠጣለህ?› ስትይው ‹ውሃ ትጠጣለህ?› ይልሻል። ውሃ ሲጠማውም የእናቱን ቀሚስ ይዞ የሚለው ይኸንኑ ነው። በጣቱ አያሳይ፣ በስሙ ቢጠሩት አይዞር። እኔ አላዋቂው ጨነቀኝ። ጤና ጣቢያ ያለችው እስከዳርም ‹ትንሽ ልጅ አፉን ሲፈታ የሰማውን ቢመልስ አያስደነግጥም፤ በዚህ ዕድሜው የራሱ ቃል ከሌለው ግን አትጠብቁ፣ ጆሮውም ይታይ› አለችን። እሷ ምን ታውቃለች? የልጅ ነገር ነው የተማረችው… ሌላ ምን ተማረች?

«ለካስ እኛ ትልቅ ሰው ነበሩን! አዳመጡትና ‹ይኸ በሽታ አይደለም፣ ጸጋ ነው› አሉን። ‹እኛ የመምህራችንን ቃል አሳምረን ለመመለስ ስንት ዘመን ቁራሽ ለምነናል፤ ይኸ ግን አንዴ ሰምቶ ይመልሳል። ሐኪም ቤት እንዳትወስዱት፣ መርፌ ከነካው ጸጋው ይሸሻል› አሉን። እውነታቸውን ነው። የቆሎ ተማሪ መምህሩ ያለውን ይመልሳል፤ ልጄም ይመልሳል። ምን ልዩነት አለው? የአህያዋንም ጩኸት ይመልሳል እንጅ…»

እናኑ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነች። ጥምጣሙ አልተነቃነቀም።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሰው ሲጨመር ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል አምሐ በቀጭን ድምፁ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ። መኪናው በሳቅ ተሞላ። አድማሴ አልሳቀም።

«አየሽ? ለረዳትነትም ይሆናል። ምነው ለቁስቋም ብቻ ታጨ?

«ጸጋ ከተባለ ወዲህማ ልጄ ታላቅ ሰው ሆነ። ዝክር ላይ፣ ተዝካር ላይ፣ ሰርግ ላይ መሀል ያቆሙታል። አንድ የግዕዝ ስንኝ ይሉለታል፣ ይመልሳል፣ ሰው ያደንቃል። አስተማሪውም አብረው ከፍ ይላሉ። ድሮ በር ላይ ይቀመጡ የነበሩ ሰው ዛሬ ከመደቡ ራስ ሲቀመጡ፣ ጠላው ቀድሞ ለእሳቸው ሲቀዳ፣ ደስ አይልም? እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል። በልጄ አንደበት አንድ ሰው እንኳ ከተጠቀመ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

«የአቦ ዕለት ዝክሩ ላይ ነበርሽ?… አልነበርሽም፤ አምልጦሻል። አምሐ መሀል ላይ ቆሞ ‹አመመህ? አመመህ?› ይላል። እናቱ ሲያመው የምትለውን ነው። እጁን ጆሮው ላይ አድርጓል። ትልቁ ሰው ምን አሉ መሰለሽ? ‹አያችሁ! ገና ከአሁኑ እንደ ዜማ መምህር እጁን ጆሮው ላይ ጣል አድርጎ!› ሰው በሳቅ አውካካ። ስንኝ ጨመሩለት። ልጁም እያለቀሰ መለሰ። እኔ ከደጅ ስገባ ድምፁ አልቆ ነበር። ሲነጋ ትራሱ ላይ መግል አገኘን።

«እፈርድባቸዋለሁ እንዴ? ምን በወጣኝ! የእሳቸው ጆሮ እኮ ሌላ ነው። ማሕሌት ላይ አንድ ሰው ዜማ ቢያዛባ በመቋሚያቸው መሬቱን ሲመቱት ታያለሽ። እንዲህ ያለ ጆሮ በልጅ ለቅሶ ይባክናል? ለለቅሶማ እኛ አለን፣ ያልተማርነው። ጥጃ ጆሮዋን ጣል ካደረገች ምነው ብለን የምንሮጥ። ጥጃ ደግሞ ግዕዝ አትመልስም… ማን ያደንቅልናል?»

ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰው። ኮሶዬን አልፈው ቁልቁለቱን ጀምረዋል።

«ለልጅ ደንታ የላቸውም እንዳትይ ደግሞ! ባለፈው የራሳቸው ልጅ ሲያስለው አይተሽ የለም? ማኪና ኮንትራት ይዘው ጎንደር አወረዱት። መርፌውንም አስወጉት፤ የሚሸሽ ጸጋ አልነበረው ይሆናል። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ነው የተመለሱ። ጸጋውን ለሰው ልጅ ትተው፣ በሽታውን ለራሳቸው ልጅ የወሰዱ… እንዲህ ያለ ቸር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

«አሁን ቁስቋም ይግባ ተብሏል። ሸጋ ነው። ሲርበው ‹እንጀራ ትበላለህ?› ይላል፤ ተማሪዎቹም ‹አዎ› ብለው ይበሉለታል። ቁራሽ ሊለምን ሰው ደጅ ሲቆም ‹ምን ትፈልጋለህ?› ይሉታል፤ እሱም ‹ምን ትፈልጋለህ?› ይላቸዋል። በዱላ ቢሸኙት ማን ይፈርድባቸዋል? ትልቁ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር ማሰብ አለባቸው? ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ በቃ። ይመኙሽም ‹በጉባኤ የተናገሩትን እንዴት እናሳፍራቸዋለን?› ብላ ትጨነቃለች። እሷም እውነቷን ነው። ልጅ ዕድሜ ልኩን የራሱ ቃል ሳይኖረው ቢኖር ይቻላል። ትልቅ ሰው አንድ ቀን ቢያፍር ግን አገር ይፈርሳል።

«እኔ አገር አፍራሹ እንግዲህ ሆስፒታል ልሂድ። ሐኪሙ የሚለኝን አላውቅም። መድኃኒት የለውም ቢለኝም፣ ልጄ ምን እንደሆነ ነግሮኝ ይለይልኝ…»

እናኑ ቀና ብላ አየችው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጉርብትና ከዚህ ሰው አፍ ይህን ያህል ቃል ሰምታ አታውቅም።

ጎንደር ገብተው ወደ ቁስቋም የሚወጣው መንገድ ጋ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» ተባለ። ጥምጣሙ ከጋቢና ወረደ። መሪጌታው ዞረው መጥተው የኋላውን በር ከፈቱና እጃቸውን ለአምሐ ዘረጉ። አምሐ እጃቸውን አልያዘም፤ አላያቸውምም።

አድማሴ ልጁን በጋቢው ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስጠጋው። ከእናኑ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ድምፁ ግን፣ ከዳባት ከተነሡ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሰለሰ።

«በይ እታለም፣ መሰናበቻ ነውና አብረን እንመርቅ። ለልጄ እንዲህ የደከሙለትን ሰው እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ሽበታቸውን ያሳምርልን። የኋላ ኋላ አርጅተው አልጋ ሲይዙ፣ ‹አመመኝ› ሲሉ… ልክ እንደ እሳቸው ያለ፣ የተማረ፣ ጆሮ ያለው፣ ደግ ሰው ከራስጌያቸው አያሳጣቸው።»