በዳንቴል የታፈነው ማቀዝቀዣ

በሚያዝያ ወር ከቀትር በኋላ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ የቆመ ሰው የሚመኘው ጥላ ብቻ ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ መሆኔን ረስቼ ከወጣቶች ጋር ለጥላ ስጋፋ፣ ጎረቤቴን ጋሽ ዲበኩሉን አየኋቸው። ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ዲበኩሉ? በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«የአሰላው መኪና ነገ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ልጠይቅ መጥቼ ነው፣ መምህር። ዲንቄን ልጃችን ሉሊት ዘንድ ልልካት ነው። ሐኪሙ ለልቧ ይህ ሙቀት አይሆናትም፣ ቀዝቃዛ ቦታ ትቀመጥ አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ሉሊት ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። እኔ እዚሁ እቀራለሁ። አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖረን...» ብለው ስለ ሚስታቸው የጀመሩትን ሳይጨርሱ ላባቸውን ጠረጉ።

እኔም እንባዬ መጣ። ወደ ሰፈራችን በምትሄድ ባጃጅ አብረን ገባን። ውስጧ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ የመሣሪያ ሻንጣ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ወጣት ነበረች። ጋሽ ዲበኩሉ ገና ሳይቀመጡ የባጃጇን ሸራ ወደ ታች ሳቡት። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ከጅብ ይልቅ የመስኮት ነፋስ እንፈራለን።

«አካም ኦልታን አባባ?» ብላ ልጅቷ በትሕትና በኦሮምኛ እንደምን ዋሉ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ሸራውን ትንሽ ከፈት ቢያደርጉልን? ልንቀቀል ነው።»

«ነጋ ነው፣ ደኅና ነኝ ልጄ። ግን ላብ ላይ ነፋስ ይመታል፤ ብርድ ገብቶ ወገብ ይይዛል። የተዘጋ ነገር ይጠበቃል።»

«ቤትም እንዲሁ ዘግተው ነው የሚውሉት?»

«ታዲያስ! ባለቤቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። በሙቀቱ ላይ ብርድ ልጨምርባት?»

«ማቀዝቀዣ የለዎትም?»

«ኤሲ ነው? አለ እንጂ! የበኩር ልጄ ከአራት ዓመት በፊት ነው ያስገጠመልን። አሁን ግን ትኩስ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚተፋው። እንዳይበላሽ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የሰው እጅ አልነካውም።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻቸው። «አባባ፣ ሕመሙ ይኸው ነው። የሰው እጅ አልነካውም። እኔ ሃዊ እባላለሁ፤ ሥራዬ የማቀዝቀዣ ጥገና ነው። እንዳየው ይፍቀዱልኝ።»

ጋሽ ዲበኩሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው «ይህቺ ልጅ?» ይላል። እኔ ግን ነገ ጠዋት የሚነሳውን መኪና አስቤ፣ «ምን ይጎዳል? ትየው» አልኩ።

ቤቱ ደረስን። እትዬ ዲንቄ እርጥብ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ አድርገው በካርቶን ራሳቸውን ያራግባሉ። አጠገባቸው ለአሰላ የተዘጋጀው ሻንጣ ተዘግቶ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ማቀዝቀዣ ደግሞ እትዬ ዲንቄ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል እንደ ሙሽራ ተከናንቧል። ወደ ጓሮ ስንወጣ የማቀዝቀዣው የውጪ ሳጥን አራቱም ጎኑ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ በቁልፍ ተቆልፎ አገኘነው።

«ይህ ምንድን ነው አባባ?» አለች ሃዊ።

«ሌባና ፀሐይ እንዳያገኘው ነው። ዳንቴሉ ደግሞ ለአቧራ።»

«በዳንቴል አፍነው፣ በቆርቆሮ አስረው፣ አልተነፈሰም ብለው ይወቅሱታል?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ልጄ፣ እኔን ዕቃ አያያዝ አታስተምሪኝም! ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት እንፋሎት በሚያመነጨው ቦይለር ላይ ነው የሠራሁት። ያልተበላሸ ዕቃ አይፈታም።»

ሃዊ አልደነገጠችም። «ክረምት ፋብሪካው ሲቆም ምን ይሠሩ ነበር?»

«ጥገና ነዋ! ቦይለሩ ሆድ ውስጥ ገብተን የቱቦውን ዝቃጭ ስንፍቅ እንከርማለን።»

«ተበላሽቶ ነበር?»

«አይ፤ ካልተፋቀማ እሳቱ ቢነድም ሙቀቱ ወደ ውሃው አያልፍም...» አሉና ፊታቸውን ወደ ሳጥኑ አዞሩ። ቆርቆሮውን አዩት። እኔ በአስተማሪነት ዘመኔ ብዙ ተማሪ ሲገባው አይቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን የሚያስደንቅ አላየሁም።

«ታዲያ ይህ ብርድ የሚሠራ እንጂ ሙቀት የሚያስተላልፍ መቼ ነው?» አሉ፤ ቁጣቸው ግን በርዷል።

«ብርድ አይሠራም አባባ። መርፌ ሲወጉ የሚቀቡት አልኮል ለምን ይቀዘቅዝዎታል?»

«ሲተን ነዋ።»

«ሲተን የገላዎን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በዚህ ቱቦ ውስጥም እንደዚያው በቶሎ የሚተን ነገር አለ። ከቤት ውስጥ ሙቀቱን ይሸከምና እዚህ ጓሮ አምጥቶ ይደፋዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ሌላ ይሸከማል። እርስዎ ግን የሚደፋበትን ቦታ ዘጉበት።»

«ተሸክሞ ያወጣል?» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «እግዚኦ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሙቀት ወደ ውስጥ ሳስገባ፣ ይህ ደግሞ ሙቀት ወደ ውጪ ያወጣል!» እኔም አብሬ ተደመምኩ። የአየር ንብረት ያስተማርኩ ሰው ሳለሁ ይህን አላስተዋልኩም፤ በየግድግዳችን እንዲህ ያለ ድንቅ ተሰቅሎ ዳንቴል እንሠራለታለን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ቆርቆሮውን ራሳቸው በጉጠት ነቀሉት። ሃዊ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍታ ዳንቴሉን በአክብሮት አጣጥፋ ለእትዬ ዲንቄ ሰጠች፤ ከማሽኑ ውስጥ የአየር ማጣሪያውን አወጣች። የአራት ዓመት አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር። ውሃ ስታፈስበት የወረደው እጣቢ ጥቁር ነው። የውጪውንም ሳጥን በቀስታ አጥባ፣ ማጣሪያው ጥላ ላይ እስኪደርቅ ጠብቀን መብራቱን መለሰችው።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ጋሽ ዲበኩሉ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ቀዝቃዛ አየር መጣ። ሮጠው ወደ ጓሮ ወጡ፤ «መምህር! ይኸው እዚህ ጋ ትኩሱ ይወጣል! እውነትም ይሸከማል!» እያሉ ጮኹ። ደግመው ገቡ፤ ደግመው ወጡ። የሰባ ዓመት ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ ሲገረም ማየት ደስ ይላል።

«አሁን ያዳምጡኝ» አለች ሃዊ። «ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ እርስዎ ያጥቡታል። በጋው ሳይገባ ደግሞ በዓመት አንዴ እኔ መጥቼ ሁሉንም አያለሁ። ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ኮርኒስ ያስመቱ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ግማሹን እንኳ አይደክምም። ጠዋት መስኮት ይክፈቱ፤ ማሽኑ ሲሠራ ይዝጉ።»

«መዝጋትም አለ ለካ!» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን።

አንባቢ ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል የሰማነው ለእሳት ብቻ አይደለም። ዕቃን መውደድ መሸፈን ሳይሆን ማጽዳት ነው። የታጠበ ማሽን ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ቆጣሪ አያስሮጥም፤ ሕመምተኛ እንቅልፍ ያገኛል። ጋሽ ዲበኩሉም ዛሬ በሰፈሩ እየዞሩ ቆርቆሮ ያስነቅላሉ፤ የማጠቢያውን ቀን እንደ ፋብሪካው ወግ በር ላይ በጠመኔ ጽፈዋል።

በዚያ ቀን ግን ሃዊ ሻንጣዋን አንስታ ልትወጣ ስትል፣ እትዬ ዲንቄ ግንባራቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ አውርደው ትከሻቸውን ሰበሰቡ።

«ዲበኩሉ» አሉ፣ «በረደኝ። ጋቢዬን ስጠኝ።»

ጋሽ ዲበኩሉ ጋቢውን ፍለጋ ቤቱን ዞሩት፤ አላገኙትም። ለአሰላ ብርድ ብለው ሻንጣው ውስጥ ከትተውት ኖሯል። ተንበረከኩና ሻንጣውን ከፈቱ፤ ጋቢውን አውጥተው አለበሷቸው። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና የቀረውንም ልብስ አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሱት።