ለስላሳ ብቻ

ባለፈው ለልጄ ልደት ፓራዳይዝ ሰፈር ያለው አፓርትማችን በሕፃናት ተሞልቷል። እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገችው የእህቴ ልጅ፣ የሁለት ዓመት ልጇን ትታልኝ ወደ ሥራ ሺፍቷ ስትሮጥ፣ "አክስቴ፣ ጥርሷን ያማታል፤ ለስላሳ ብቻ ስጪያት" አለችኝ። ለታመመ ጥርስ ለስላሳ? እኔ ለራሴ ልጅ እንኳ የምከለክለውን! የእናት ትእዛዝ ነው ብዬ ትንሽ ቀዳሁላት፤ ግን ላረጋግጥ ብዬ ለእናቷ ደወልኩ።

"ጥቁሩን ልስጣት ነጩን?"

"የምን ጥቁር?"

"ለስላሳ ነዋ! ለስላሳ!"

"ኖ! ሶፍት ፉድ ማለቴ ነው! ሙዝ፣ ገንፎ ምናምን!"

ክው አልኩ። ዞር ስል ብርጭቆው ባዶ ነው። አማርኛ አልናገር ብላ እናቷን ያስቸገረችው ልጅ ባዶውን ብርጭቆ ዘርግታልኝ፣ ጥርት አድርጋ "ለስላሳ!" አለች።

ስልኩ ገና አልተዘጋም።