የግመሉ ትርፍ እግር

«ዛሬ ከባቲ ደራሲ ይመጣልናል፤ ደህናውን ወንበር አውጣ!»

በ1968 ዓ.ም. መስከረም፣ ያኔ የነበሩት ርእሰ መምህር ለዘበኛው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ። አምኜ ከረባት አሰርኩ። ቀትር ላይ ፍየል ከጫነ መኪና አንድ ሰው ወረዱ፤ ፀጉራቸው ላይ ገለባ ተሰክቷል። «ደራሲው አብሮዎት ነው የመጣው?» አልኳቸው። ዞር ብለው ፍየሎቹን አዩና፣ «ከነዚህ አንዷ ሳትሆን አትቀርም፤ መንገዱን ሙሉ ቤት ስትመታ ነበር» አሉኝ። ያች ከረባት ከዚያ ወዲህ አልታሰረችም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ ያን ቀን መጥተው አብረውን ማስተማር የጀመሩትን ጋሽ ሙሀመድኑርን ይኸው ዐሥራ አራት ዓመት ተመለከትኳቸው። የልጆች ግጥም የሚጽፍ ሰው እንዴት እንደሚኖር ማወቅ እፈልግ ነበር። ቆሞ ነው የሚኖረው። አንድ እሑድ ሽንኩርት ልንገዛ ሰንበቴ ገበያ ወርደን ግመል ሲንበረከክ አዩ። «አካም ቡልቴ?» ብለው ግመሉን ሰላም አሉና ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ባለ ግመሉ አፋር መጥቶ፣ «ትገዛለህ ወይ?» አላቸው። «የለም፤ እግሩን የት እንደሚያደርገው ልይ ብዬ ነው።» ሰውየውም አብሯቸው ቆሞ ማየት ጀመረ። ሽንኩርቱን ሳንገዛ ተመለስን። ይዘን የመጣነው ይህን ነው፦

ግመሉ ሊቀመጥ እግሩን አጣጠፈ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ፣ አንዱ እግር ተረፈ።
«የማን ነው ይሄ እግር? ባለቤቱ ይምጣ!»
እያለ ተጣራ ጸሐይ እስክትወጣ።

ግጥም ሲሞክሩ የልጆቹን ፊት አያዩም። «ፊት መምህርን ይዋሻል፤ የእግር ጣት ግን አይችልበትም» ይላሉ። አንደኛ ክፍልን ጫማ አስወልቀው ያነባሉ፤ ጣት ያልተነቃነቀባት መስመር ትሰረዛለች። አንድ ቀን በስብሰባ መሃል፣ የምርት ዘመቻ ሪፖርት ሲነበብ፣ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር የእኛን እግር ሲያዩ ያዝናቸው። መምህርት ረቢአ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ምን ጠፋዎት?» ብትላቸው፣ «አንድም መስመር አላለፈም» አሉ።

በ1974 ግጥሞቻቸውን ለኅትመት ላኩ። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ኮሚቴ መልስ ጻፈ፦ «ባለቤቱ ይምጣ» የሚለው የግል ሀብትን ስለሚያበረታታ እግሩ የማኅበሩ ቢሆን ይሻላል። ጋሽ ሙሀመድኑር በአንድ መስመር መለሱ፦ «እግሩ የግመሉ ነው።» መጽሐፉም እዚያው ቀረ። ባለፈው የካቲት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ግመሉ እግሩን ያስመልሳል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እስካሁን የሰማሁት ነገር የለም።

አሁን ሳቁን እንተወው። ዘንድሮ ጥር ላይ፣ እዚያው ሰንበቴ፣ አንዲት ልጅ ግጥሙን በቃሏ እያለች ገመድ ትዘላለች። «ማን ጻፈው፣ የኔ እናት?» አሏት። «ማንም! ዱሮም ያለ ነው» አለቻቸው። ወደ ትምህርት ቤታችን፣ ወደ ከሚሴ ተመለስን። ከመኪና ስንወርድ ነው፣ «ሸረፈዲን፣ ደስ ብሎኛል እኮ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወረቀት ላይ፣ ከስሜ ጋር ባየው» ያሉኝ።

ልጄ ሶፍያ እስከ ሦስተኛ ክፍል ፊደል አላስጠጋም ብላ ነበር። እኔ አባቷ፣ ያውም መምህር፣ በቁጣም በስኳርም ሞክሬ አልሆነም። አንድ ቀን በጋሽ ሙሀመድኑር ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የግመሉን ግጥም ፊደል በፊደል አንብባ እየሮጠች መጣችና፣ «አባ፣ እግሩ ግን የማን ሆኖ ተገኘ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን ፍለጋ ያላነበበችው ነገር የለም። ጋሼ፣ ስለዚያች ጥያቄ አመሰግንዎታለሁ።

ስለዚህ አምስት ሆነን ተማከርን። ታይፒስታችን ፋጡሜ ሠላሳ ሁለቱንም ግጥም በስቴንስል መታች፤ አርባ ቅጂ አባዝተን ጠረዝን። ይኸው መጽሐፍዎ።

ሻይም ለስላሳም የያዛችሁ ከፍ አድርጉልኝ። ጋሼ፣ አላህ ዕድሜ ከዐፊያ ጋር ይስጥዎት፤ በየገበያው ግመል ይንበርከክልዎት፤ ጫማውን ያወለቀ ልጅ አይጡ። አሚን በሉ!

አሁን መጽሐፉን ሳነሳው ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሽፋኑን አምስታችንም አርመነዋል፤ የትምህርት ቤቱ ስም አለ፣ ዓመተ ምሕረቱ አለ፣ የፋጡሜም ስም አለ። ማን እንደጻፈው ሁላችንም ስለምናውቅ፣ የእርስዎን ስም ማንም አልጻፈውም።