የጸሎት ቤቱ ካብና ፈርኖቹ

በዌልስ ተራሮች ሥር ባለች ትንሽ መንደር የጸሎት ቤቱን የድንጋይ ካብ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የሚጠብቁት አቶ ኢድዋል ነበሩ። በመጪው እሑድ የመዝሙር በዓል ስለሆነ ከየሸለቆው እንግዳ ይመጣል። ጉልበታቸው እየከዳቸው በመሆኑ ይህ የመጨረሻ ሥራቸው እንደሚሆን ያውቁታል። «ኢድዋል ካቡን ሣር አስወረሰው» ተብሎ ስማቸው እንዳይቀር ፈሩ። ስለዚህ በድንጋዮቹ መካከል የበቀለውን ሁሉ በመሮ እየፈለፈሉ ስንጥቁን በሲሚንቶ ሊደፍኑ ተነሡ።

ገና ሥራውን እንደጀመሩ የጎረቤታቸው የልጅ ልጅ ነሪስ በዚያ አለፈች። ኮሌጅ ገብታ ስለ ዕፅዋት የምትማር ልጅ ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ኢድዋል! ምን በድለውዎት ነው የሚነቅሏቸው?»

«ደህና አደርሽ ልጄ። የሞተ ነገር ለመንቀል በደል ያስፈልጋል እንዴ? ይኸው፣ ዝናብ ከጠፋ ወዲህ ደርቆ ተኮራምቷል።»

ነሪስ ከመሬት ላይ እንደ ጭብጥ የተኮራመተች አንዲት ቡናማ ተክል አነሣች። «ይቺ ፈርን የምትባል አበባ የሌላት ተክል ናት፤ አልሞተችም። የቅጠሏን ጀርባ ይዩት፣ የዛገ ብረት የመሰለ ቅርፊት ለብሷል። ድርቅ ሲመጣ ቅጠሏን ጠቅልላ በጀርባዋ ትከለላለች» አለችና በውሃ ባልዲያቸው ውስጥ ነከረቻት።

«ኮሌጅ ሙታን ማስነሣትም ያስተምራል በይኛ!» ብለው ሳቁ። «ይሁን፣ በሕይወት አለች እንበል። ሥሯ ግን ካቡን ያፈርሳል። በበሩ በኩል ድንጋዩ ፊቱ እየተላጠ መሆኑን አላየሽም?»

«እዚያ ፈርን አለ?»

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞረው ተመለከቱ። እዚያ አንድም ፈርን የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁሉንም ነቅለው በሲሚንቶ የደፈኑት ራሳቸው ናቸው።

«ካብ ውስጥ የገባ ውሃ ድንጋዮቹን ባያያዘው ኖራ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል» አለች ነሪስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋበት። በብርዱ ወራት ውሃው በረዶ ሲሆን የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል።»

«እንግዲያው ያንን ካቡ ላይ የተጠመጠመውንም ወፍራም ሐረግ እንሳመው!»

«እሱንስ ይቁረጡት፣ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። የሐረግ ሥር እየወፈረ ድንጋይ ይገፋል። የፈርኖቹ ሥር ግን እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ያረጀ ኖራ ብቻ ይበቃቸዋል።»

ሰው በቅንነት የሠራውን ሥራ ስሕተት ነበር ሲሉት ወዲያው አሜን ማለት ይከብደዋል። አቶ ኢድዋልም «እናያለን» ብለው ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ፈርኗ ቅጠሏን ዘርግታ፣ አረንጓዴ ሆና ጠበቀቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያደርጉ ሄደው የነሪስን በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ የነቀልኳቸው ተመልሰው ይበቅላሉ?»

ሁለቱ በበሩ በኩል ያለውን ሲሚንቶ አውጥተው ድንጋዩን በኖራ መልሰው መካብ ጀመሩ። ነሪስ የፈርኑን ሥር ከትንሽ አፈርና ከተፈረፈረ አሮጌ ኖራ ጋር አጋድማ ታስገባለች፣ እሳቸው ቀጣዩን ድንጋይ ያስቀምጣሉ።

«ድንጋዩን ለእኔ ተዪው፣ ጣትሽን ትቀጠቅጫለሽ! ይቺስ ማን ናት?» አሉ አቶ ኢድዋል ሌላ የተነቀለች ተክል እያሳዩ።

«ጥቁር ክር በመሰለ ዘንግ ላይ ክብ ክብ ቅጠል በጥንድ የደረደረችው? እሷም ፈርን ናት። ያቺ ጤና አዳም የምትመስለውም እንደዚያው። አዲስ ማብቀል ከፈለጉ ደግሞ ከቅጠሉ ጀርባ ያለውን፣ እንደ ዘር የሚያገለግለውን የበሰለ ዱቄት እርጥብ ስንጥቅ ላይ ማራገፍ ነው። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።»

እሑድ ከሌላ ሸለቆ የመጡ አንድ የሚያውቋቸው ሽማግሌ ካቡን አይተው «ምነው ኢድዋል፣ ለሣር ተውከው?» አሉ።

አቶ ኢድዋል አላፈሩም። «ሣር አይደለም ወንድሜ፣ ፈርን ነው። ካቡ ጤነኛ መሆኑን ይመሰክርልኛል። ድንጋዬ አይላጥም፣ በየዓመቱ መጠገን የለብኝም፣ ዓይኔም አረንጓዴ ነገር አያጣም።»

«እኔ እኮ ለእኛ ጸሎት ቤት ካብ ሲሚንቶ አስጭኛለሁ፣ ነገ ልንጀምር ነው!»

«እንግዲያው ዛሬ ያመጣህ እግዚአብሔር ነው» አሉና ክንዳቸውን ይዘው ወደ ነሪስ ወሰዷቸው። «ይቺ ናት አስተማሪዬ። እኔን ሳትንቅ አስተማረችኝ፤ አንተንም አትንቅህም።»