ልክ የሆነው ስኳር

ከስኳር ሕመም ጋር አሥራ ሁለት ዓመት የኖሩት ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን «እኔ ደህና ነኝ፤ ስኳሬም ልክ ነው» ይላሉ። ባለቤታቸው ደግሞ «ምኑ ደህና ነው? ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ መንገድ ላይ ሲቀር እንኳ አይታወቀውም» ይላሉ። ሁለቱም ውሸት አያውቁም፤ ማንን እንደማምን ቸግሮኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሱሪ ላሰፋ ወደ ሱቃቸው ጎራ አልኩ። በካልሲ ሆነው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። እግራቸውን ሲያነሱ ከሥሩ የስፒል ራስ ብልጭ አለብኝ።

«ጋሼ፣ እግርዎ ላይ ስፒል ተሰክቷል!»

ነቅለው አወጡት። ካልሲው ላይ ደም ነበር። «ሠላሳ ዓመት ስፒል ላይ የሄደ እግር ነው። ድሮ ያመኝ ነበር፤ አሁን ጠንክሯል» አሉና ሜትራቸውን አንስተው ይለኩኝ ጀመር።

«ጠነከረ አለ! ድንጋይም ጠንካራ ነው» አሉ ባለቤታቸው ከካውያው አጠገብ።

«ጋሼ፣ ሙሉ ምርመራ ያደረጉት መቼ ነው?» አልኩ።

«በየወሩ እለካለሁ እኮ! ካርዴን እይ፤ ልክ፣ ልክ፣ ልክ።»

«ልክ የሆነው ስኳሩ ነው። እርስዎስ መቼ ተለኩ?»

«አንተ የኮሌጅ ተማሪ፣ ያስተማሩህ ቃል መገልበጥ ነው?»

ሦስታችንም ሳቅን። «የአምናው ልኬ ደብተርዎ ውስጥ እያለ ለምን እንደገና ይለኩኛል?» አልኳቸው።

«ሰው ባለበት ይቆያል እንዴ? ይከሳል፣ ይወፍራል። በአሮጌ ልክ የሚሰፋ ጨርቅ ያበላሻል።»

«ወገቤን ብቻ ለክተውስ ኮት ይሰፉልኛል?»

«አብጃለሁ?»

«ታዲያ የወሩ ስኳር ወገብ ነው። ዓይን፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ እግር አልተለኩም።»

ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ታላቅ ወንድሜም ስኳር ነበረበት። እግሩን ሊታይ ገባ፤ ያለ እግሩ ወጣ» አሉ።

ይህ ፍርሃት እንጂ ድንቁርና አልነበረምና ልቀልድበት አልወደድኩም። «ሲገባ ቁስሉ ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁ።

«አራት ወር! ካልሲ ውስጥ ሸሽጎት» አሉ ባለቤታቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«አያመኝም ይል ነበር» አሉ ልብስ ሰፊው ቀስ ብለው። ከዚያ እጃቸው ላይ የቀረውን ስፒል አዩት።

«ምርመራ ሁሉን ያድናል ብዬ አልዋሽዎትም» አልኩ። «ክፉ ወሬም ሊሰሙ ይችላሉ። ነገር ግን እግር መደንዘዙ ቀድሞ ከታወቀ ጫማ ይለወጣል፣ ውስጥ እግር በየቀኑ ይታያል፣ ቁስል ሳይሰፋ ይታከማል። ዓይንና ኩላሊት መጎዳት ሲጀምሩ ባለቤቱን አይነግሩትም፤ ለሐኪም ግን ይናገራሉ። ለዚህ የሚጠየቁት በዓመት አንድ ጠዋት ነው።»

ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

«ሱሪህ ለነገ ይደር» አሉኝ። ወደ ባለቤታቸውም ዞረው፣ «ካርዴን አምጪና ሱቁን ዝጊ። ዛሬ ስኳሬን ብቻ ሳይሆን እኔን ይለኩኝ፤ በየዓመቱም ደብተሬን አድሳለሁ!» አሉ።