ለሰላምታ የሚደውለው ራውተር

ሳጉሬ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ኬብል ልዘረጋ ሄጄ ነው ያንን የአሰላ ባለዲግሪ ያገኘሁት። የቢሮው ራውተር በሲም ካርድ ነው የሚሠራው፤ የማዳበሪያ ስም ዝርዝር ሲፈለግ ብቻ አሰላ ዋናው ቢሮ ላለው ራውተር ደውሎ፣ አምጥቶ መዝጋት አለበት። ሰውዬው ካስተካከለው ወዲህ ግን መዝጋት የሚባል የለም፤ የቀኑ ዳታ በጠዋቱ ያልቃል፣ ገበሬው ባዶ ጋሪውን ይዞ ይመለሳል። ባለዲግሪው “ኔትወርክ ነው” እያለ ኮቱን ያራግፋል!

የዕለቱ ዳታ ሲሞላ ጠጋ ብዬ አየሁ። የሳጉሬውና የአሰላው ራውተር በየአሥር ሰከንዱ “አለህ?” “አለሁ” ይባባላሉ፤ ሊቁ ይህንንም ሥራ ብሎ ቆጥሮላቸዋል፤ መስመሩ ታዲያ መቼ ይዘጋ?

“ኢንጂነር፣ ለሰላምታ አትደውል በለው” አልኩት።

“አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?”

“ስምንትን አልጨረስኩም።”

ከመስኮቱ ውጭ የተሰለፉት ኦቦ ገመቹ፣ “ልጁ እውነቱን ነው! እኛም ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ስንጠያየቅ ነው ካርዱ የሚያልቅብን” አሉ። ሰልፉ በሙሉ በባለዲግሪው ሳቀ።

እሱ ሲቀላ ኪቦርዱን ስቤ ሰላምታውን ከሥራ እንዳይቆጥር የሚያዝ አንድ መስመር ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ የራውተሩ መብራት ጠፋ።

“ገደልከው!” ብሎ ጮኸ።

የቢሮው ጸሐፊ የኦቦ ገመቹን ስም ከአሰላው ዝርዝር ስትፈልግ መብራቱ በራ፤ ስማቸው መጣ፤ መብራቱም መልሶ ጠፋ። ኦቦ ማዳበሪያቸውን ጫኑ። ዞር ስል ባለዲግሪው ያቺን መስመሬን በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ ያዝኩት።