ቁልፉ የወደቀበት ደም

— ሄሎ… አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ጎረቤታችሁ። አባትህ ስልኩን ሰጥተውኝ ነው፤ እዚሁ ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ነኝ… ምን? ቆይ፣ ቀስ በል። እኔ አይደለሁም የሰጠኋቸው።

— … አዎ፣ የጉንፋን መድኃኒት ነው። ግን ሐኪሟ ናት ያዘዘችው። ከመሳቢያዬ አውጥቼ ያጎረስኳቸው መሰለህ?

— … ጉንፋንማ የለባቸውም። ድዳቸው ነው ዛሬም መድማቱን ያልተወው። ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— ጣፊያቸውን ማውጣቱ ለጊዜው ቀርቷል። … ቀርቷል አልኩህ። እኔም እንዳንተ ስንጨረጨር ሐኪሟ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ጣፊያ ምንም አላጠፋችም። ደም የሚያረጋውን፣ ያን ፕላትሌት የሚሉትን፣ እየለቀመች የምትጨርሰው ጉበት ናት። … የለም፣ ጉበታቸው አልታመመችም። ሥራ ወዳድ ሆና ነው።

— እንዴት ልንገርህ… ፕላትሌቱ ላይ ፕሮቲን አለ፤ ፕሮቲኑ ላይ እንደ ክር የተንጠለጠለ ስኳር አለ። ከክሩ ጫፍ ደግሞ ሲያሊክ አሲድ የሚባል ነገር፤ እንደ ልብስ ቁልፍ በለው። እሱ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ስኳር ይራቆታል። ጉበት ያንን በዳሰሰች ጊዜ ፕላትሌቱ አርጅቷል ብላ ታነሳዋለች። … የሁላችንም እንዲሁ ነው! አንተ እኔን ስትቆጣ እንኳ ጉበትህ ሥራ ላይ ናት። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ፣ ዓይን የሌለው ፈታሽ ተሸክሜ መዞሬን ሳላውቅ… እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ ጉበቴን ፈለግኳት፣ ልጄ።

— … የአባትህማ ገና አዲስ ሳለ ነው ጫፉ የሚቆረጠው። የጉንፋኑ ቫይረስም ያንኑ ጫፍ የሚቆርጥ መቀስ አለው አሉ። መድኃኒቱ መቀስ የሚያደነዝዝ ነው፤ በአባትህ ደም ውስጥ ያለውንም መቀስ ቢያደነዝዝልን ብላ ነው።

— … እርግጠኛ አይደለችም፤ እንሞክር ነው ያለችው። ነገ ጠዋት ደማቸው ይታያል። ፕላትሌቱ ከፍ ካለ ቢላ የለም። ካላለ… አንተ ግን ና።

— ጋሼ፣ ልጅዎ ነው፤ ገብቷቸዋል ወይ ይላል። … ሁሉንም ሰምተዋል፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጣሪያውን ያያሉ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው… ቆይ፣ የሚሉህ አለ፣ ባትሪው ሳያልቅ ስማ። «ቁልፍ ስለወደቀ ልብስ የሚጥል ሠራተኛ እኔ ሱቅ አንድ ቀን አይውልም ነበር። ግን ጉበቴ ናት፤ ወዴት አባርራታለሁ?»